«አሰብኩ» ወይስ «መጣብኝ»? ኦሲዲ በምን ይታወቃል

ጥያቄ፦ የ29 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ 5 ወር ሆነኝ። ልጄ ሦስተኛ ሳምንቷ ላይ ሳለች ሽንኩርት እየከተፍኩ ድንገት «በዚህ ቢላ ብወጋትስ?» የሚል ሀሳብ መጣብኝ። ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም። ቢላዎቹን በጋዜጣ ጠቅልዬ ጎረቤት ቤት አስቀምጫለሁ። ባለቤቴ ከሌለ ልጄን አላጥባትም። ሌሊት እየተነሳሁ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው «ፆር ነው፣ በርቺ ጸልዪ» አሉኝ። ኢንተርኔት ላይ 18 ጥያቄ ያለው የኦሲዲ መጠይቅ ሞልቼ ውጤቴ 17 ሆነ፤ «ከ21 በታች ስለሆነ የለብሽም» ይላል። ኦሲዲ ካልሆነ ታዲያ ማበዴ ነው? በምን ምርመራ ይታወቃል? ደም ልመርመር ወይስ የጭንቅላት ኤምአርአይ ልነሳ? ለሐኪም ብናገር ልጄን እንዳይወስዱብኝ እፈራለሁ።

ምላሽ፦ እህቴ፣ ዘግይቶም ቢሆን እንኳን ማርያም ማረችሽ። «አንቺ» እያልኩ ልጻፍልሽ፤ እንዲህ ያለ ጉዳይ በ«እርስዎ» ሲወራ ይርቃል።

ከጻፍሽው ሁሉ ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው አንዲት ቃል ላይ ነው፤ «መጣብኝ»። «ልወጋት አሰብኩ» አላልሽም። «ብኝ» የምትባለው ጭራ በአማርኛችን ሳንፈልግ የደረሰብንን ነገር ሁሉ የምትሸከም ናት፤ ዝናብ ዘነበብኝ፣ ሌባ ገባብኝ፣ ወጡ አረረብኝ። ሀሳቡ ያቀድሽው ሳይሆን የደረሰብሽ መሆኑን ሳታውቂው ነግረሽኛል። ሐኪም ኦሲዲን፣ ያልተፈለገ ሀሳብ እየተመላለሰ ሰውን አንድ ነገር ደጋግሞ እንዲያደርግ የሚያስገድድበትን የአእምሮ ሕመም፣ ሲመረምር ገና ከበሩ ጆሮውን የሚሰጠው ለዚህ ነው። በእርግጥ ምርመራው በአንዲት ቃል አያልቅም፤ ተገናኝቶ፣ ተቀምጦ መጠያየቅን ይጠይቃል። ስለዚህ «ኦሲዲ አለብሽ» ብዬ ከዚህ ሆኜ አልፈርምም። እንዴት እንደሚመረመር ግን አንድ በአንድ ልነግርሽ እችላለሁ።

መጀመሪያ ብዙ ሰው የማያውቀውን ልናገር፤ ሀሳቡ ራሱ በሽታ አይደለም። ራክማን እና ደ ሲልቫ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1978 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ባሳተሙት ጥናት፣ ምንም ሕመም ከሌለባቸው ሰዎች ከ10ሩ 8 ያህሉ ያልተጠራ፣ ክፉ ወይም አሳፋሪ ሀሳብ ብልጭ እንደሚልባቸው ተናግረው ነበር። የሕመምተኞቹና የጤነኞቹ ሀሳብ ተቀላቅሎ በጽሑፍ ሲቀርብላቸው ባለሙያዎቹ እንኳ የቱ የማን እንደሆነ በቀላሉ መለየት አልቻሉም። ካናዳ ውስጥ ተሠርቶ በ2008 የታተመ ሌላ ጥናት አዲስ እናቶችን ጠየቀ። «ልጄ ታንቃ ብትሞትስ፣ ከእጄ ብትወድቅስ» የሚለው ሀሳብ ሁሉም ዘንድ ለማለት ይቻላል ነበረ፤ ግማሽ ያህሎቹ ደግሞ ሆን ብለው ልጃቸውን የሚጎዱበት ሀሳብ ሳይፈልጉት እንደመጣባቸው አመኑ። እንግዲህ ክትባት ቀን ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ አብረውሽ ከሚቀመጡት እናቶች ስንቶቹ እንዲህ ያለ ነገር ደብቀው እንደመጡ አስቢው።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከሀሳቡ ቀጥሎ ነው። አንዷ እናት «በስመ አብ!» ብላ ታማትብና ሽንኩርቷን ትከትፋለች፤ ማታ ትዝም አይላት። ሌላዋ ግን ሀሳቡን እንደ ማስረጃ ትይዘዋለች፤ «እንዲህ ያለ ነገር የሚመጣብኝ እኔ ምን ዓይነት ሰው ብሆን ነው?» ትላለች። ትደነግጣለች፤ ድንጋጤውን ለማብረድ አንድ ነገር ታደርጋለች፤ ቢላውን ታርቃለች። ለጊዜው ቀለል ይላታል። አእምሮዋ ግን «ልጅቷ የተረፈችው ቢላው ስለራቀ ነው» የሚል ትምህርት ወሰደ። በማግስቱ መቀሱ ይጨመራል፤ ከዚያ የሻይ ማፍያው፣ ከዚያ በረንዳው። ኦሲዲ የምንለው ይህን አዙሪት ነው፤ የሚመላለስ ሀሳብ፣ ምስል ወይም ግፊት በአንድ በኩል፣ ጭንቁን ለማስታገስ የሚደረግ አስገዳጅ ድርጊት በሌላ በኩል።

«ድርጊት» ሲባል ሰው ሁሉ እጅ መታጠብ ይመስለዋል። ቤቷን አጥርታ የምትይዝ ሴት ሁሉ «እኔ እኮ ኦሲዲ ነኝ» እያለች የምትቀልደውም ለዚህ ነው፤ ቀልዱን አልጠላውም፣ ነገር ግን እውነተኞቹን ታማሚዎች ይደብቅብናል። ያንቺን እንይ። ሌሊት ተነስቶ ትንፋሽ ማዳመጥ መፈተሽ ነው። ቢላውን ጎረቤት ማስቀመጥና ብቻሽን አለማጠብ ሽሽት ነው፤ ሽሽት እንደ ድርጊቱ ሁሉ አዙሪቱን ይመግባል። ያልጻፍሽውን ደግሞ ልገምት፤ ባለቤትሽን «እኔ እሷን የምጎዳ ይመስልሃል?» ብለሽ ስንት ጊዜ ጠይቀሻል? መልሱስ ለስንት ሰዓት አሳርፎሻል? ማረጋገጫ መለመንም አስገዳጅ ድርጊት ነው። በልብ ብቻ የሚሠራም አለ፤ ክፉው ምስል ሲመጣ በጥሩ ምስል መተካት፣ «እወዳታለሁ ወይስ አልወዳትም?» እያሉ ስሜትን መፈተሽ፣ ያለፈውን ቀን ደቂቃ በደቂቃ መልሶ ማየት። ይህንን ጎረቤት ቀርቶ ባል አያየውም፤ ሐኪምም ካልጠየቀ አያገኘውም።

ስለ አለመጠየቅ የራሴን ስህተት ልንገርሽ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ወጣት ለሁለት ዓመት በድብርት ሳክም ቆየሁ። እንቅልፍ የለውም፣ ሥራ ያረፍዳል፣ ተስፋ ቆርጧል። መድኃኒቱን በአግባቡ ይወስዳል፤ ትንሽ ሻል ይለውና መልሶ ይብስበታል። አንድ ቀን የላቦራቶሪ ውጤት ፎቶ ሊያሳየኝ ስልኩን ከፈተ። ጋለሪው ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ፎቶ ነው፤ የጋዝ ሲሊንደር መዝጊያ። ከላይ የተነሳ፣ ከጎን የተነሳ፣ ጣቱ አብሮ የታየበት። «ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት። አቀረቀረ። ለካ ከቤት ሲወጣ ጋዙን ይዘጋና ፎቶ ያነሳል፤ ታክሲ ውስጥ ፎቶውን ያያል፤ «የዛሬው ነው ወይስ የትናንቱ?» ብሎ ይጠራጠርና ከመገናኛ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የሚያረፍደው ለዚህ ነበር። «ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርከኝም?» ስለው «አልጠየቁኝማ፣ ዶክተር» አለኝ። ድብርቱ እውነት ነበር፤ ግን የሲሊንደሩ ልጅ ነበር። ከዚያ ወዲህ በድብርትም ይምጣ በጭንቀት፣ ሳይጠየቅ የሚያልፍ ሰው የለኝም፤ ሳትፈልገው የሚመላለስብህ ሀሳብ አለ? ደጋግመህ የምታጥበው፣ የምትፈትሸው፣ የምትቆጥረው ነገር አለ? ለሌላው 10 ደቂቃ የሚበቃው ሥራ አንተን ስንት ይፈጅብሃል?

አሁን ወደ መስፈርቱ። በዓለም ላይ ሁለት የምርመራ መጻሕፍት በሥራ ላይ አሉ፤ የአሜሪካ የሳይካትሪ ማኅበር ዲኤስኤም-5 (በ2022 ተከልሷል) እና የዓለም ጤና ድርጅት አይሲዲ-11። ኦሲዲ ድሮ በዲኤስኤም ከጭንቀት ሕመሞች ጋር ተደርቦ ይቀመጥ ነበር፤ በ2013 የወጣው ዲኤስኤም-5 ከቅርብ ዘመዶቹ ጋር የራሱን ምዕራፍ ሰጠው። ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው አይሲዲ-11ም እንዲሁ። የሚጠይቁት ነገር ይቀራረባል። ሀሳቡ ወይም ድርጊቱ፣ ብዙ ጊዜም ሁለቱም፣ መኖር አለባቸው። በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ መውሰድ፣ ወይም ሰውየውን ክፉኛ ማስጨነቅ፣ ወይም ከሥራው፣ ከትዳሩ፣ ከኑሮው ማጉደል አለባቸው። የመድኃኒት፣ የአደንዛዥ ዕፅ ወይም የሌላ የአካል ሕመም ውጤት መሆን የለባቸውም። ሌላ የአእምሮ ሕመምም በተሻለ ሊያስረዳቸው አይገባም።

«አንድ ሰዓት» የምትለዋ ቀላል ትመስላለች፤ ግን ሰው ስትጠይቂው «ኧረ 10 ደቂቃ ቢሆን ነው» ይላል። አብረን ስንደምረው ሌላ ነው። አንቺ ሌሊት ስንት ጊዜ ትነሻለሽ? በየጊዜው ስንት ደቂቃ ትቆሚያለሽ? ቢላ ስለሌለ ሽንኩርት የሚከተፈው የት ነው? ባልሽ እስኪመጣ ሳትታጠብ የምትቆየው ሕፃን፣ ያ ሁሉ ጥበቃ ይቆጠራል። ባልሽም ምርመራው ላይ አብሮሽ ቢገባ ደስ ይለኛል፤ የቤተሰቡ ሰው ሳያውቀው የሕመሙ ረዳት ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው።

ቀጥሎ ማወቅ የምፈልገው ራስሽ ነገሩን እንዴት እንደምታዪው ነው። «ቢላው አጠገቤ ቢሆን በእርግጥ እወጋታለሁ ብለሽ ታምኛለሽ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዱ «ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ፍርሃቱ አይለቀኝም» ይላል፤ ሌላው «ምናልባት እውነት ነው» ይላል፤ ጥቂቱ ፍጹም እርግጠኛ ነው። ሦስቱም ኦሲዲ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ምርመራው ላይ ግን ደረጃው ይጻፋል። ድሮ ቲክ፣ ማለትም ሳይፈለግ ድንገት የሚደጋገም የፊት ወይም የሰውነት እንቅስቃሴ፣ ነበረብሽ ወይ ብዬም እጠይቃለሁ፤ ቲክ ያለበት ኦሲዲ የተለየ ጠባይ ስላለው። ደግሞም ልጅ ሳለሽ በር ደጋግሞ መዝጋት፣ ደብተር እየቀደዱ እንደገና መጻፍ ነበር? ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በልጅነት ወይም በወጣትነት ነው፤ እርግዝናና ወሊድ ደግሞ አዲስ የሚጀምርበት ወይም የተኛው የሚቀሰቀስበት ጊዜ ነው።

መጠይቁን በተመለከተ፦ የሞላሽው ኦሲአይ-አር የሚባለው ይመስለኛል። 18 ጥያቄ ነው፤ ስድስት ርእስ፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት። መታጠብ፣ መፈተሽ፣ ማስተካከል፣ ዕቃ ማከማቸት፣ ቁጥርና ቆጠራ፣ እና የሚያስጨንቅ ሀሳብ። እያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 4 ይሰጠዋል፤ ድምሩ እስከ 72 ይሄዳል፤ 21 መለያ መስመር ነው። አሁን ሒሳቡን ተመልከቺ። ያንቺ ጭንቅ በአብዛኛው የተቀመጠው በመጨረሻው ርእስ ነው፤ እዚያ ሁሉንም ጥያቄ 4 ብትይው እንኳ 12 ነው። ዕቃ አታከማቺም፣ ቁጥር አያስጨንቅሽም፣ እጅሽን ደጋግመሽ አትታጠቢም። 17 ማግኘትሽ ሕመሙ አለመኖሩን አይናገርም፤ መጠይቁ ብዙ መስኮት ያለው ቤት ሲሆን ያንቺ ጭንቅ በአብዛኛው በአንዱ በኩል እንደሚታይ ነው የሚናገረው። መጠይቅ ያጠራቅማል፣ ይጠቁማል፤ አይመረምርም።

እኛ ክሊኒክ ውስጥ ክብደቱን የምንለካው በአብዛኛው ዋይ-ቦክስ በሚባለው ነው፤ ጉድማን እና ባልደረቦቹ በ1989 ያሳተሙት። 10 ጥያቄ አለው፤ አምስቱ ስለ ሀሳቡ፣ አምስቱ ስለ ድርጊቱ፦ ስንት ሰዓት ይወስዳል፣ ምን ያህል ያሰናክላል፣ ምን ያህል ያስጨንቃል፣ ምን ያህል ትታገይዋለሽ፣ ምን ያህል ትቆጣጠሪዋለሽ። የሀሳቡ ዓይነት ነጥብ አይጨምርም፣ አይቀንስም፤ የምወድለት ጠባዩ ይህ ነው። ከ40 ይታረማል፤ ከ16 እስከ 23 መካከለኛ፣ ከ24 እስከ 31 ከባድ ይባላል። እሱም ቢሆን ምርመራው ካለቀ በኋላ የሚመጣ ሚዛን ነው፤ ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ እየደጋገምን የምንመዝነውም በእሱ ነው።

«ማበዴ ነው?» ላልሽው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ሳይኮሲስ የሚባል፣ እውነቱን ከሌለው ነገር መለየት የሚያሳጣ ሕመም በእርግጥ አለ፤ ከ1000 ወላድ አንዷን ወይም ሁለቷን ይይዛል፤ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። መልኩ ካንቺ ሌላ ነው። እናትየዋ ለቀናት ሳትተኛ ቆይታም እንቅልፍ አያምራትም፤ ንግግሯ ይዘባረቃል፤ ሰው የማይሰማው ድምፅ ያዛታል፤ «ይህች ልጅ የእኔ አይደለችም፣ ክፉ መንፈስ ናት» ልትል ትችላለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሀሳቡ አያስደነግጣትም፤ ትክክል መስሎ ይሰማታል። አንቺ ከሀሳቡ ሸሽተሽ ቢላ ከቤት አስወጥተሻል፤ እሷ ብዙ ጊዜ አትሸሽም። እንዲህ ያለ ምልክት በራስሽ ወይም በሌላ ወላድ ላይ ከታየ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። ሐኪሙ ስለዚህ ሲጠይቅሽ አትቀየሚ፤ ለእያንዳንዷ ወላድ መጠየቅ ያለበት ነው። ድብርትንም ይጠይቅሻል፤ ከኦሲዲ ጋር አብሮ መምጣቱ ብዙ ነው። ኤዲንብራ የሚባለው ባለ10 ጥያቄ መጠይቅ በአማርኛ አዲስ አበባ ውስጥ ተፈትሿል፤ ሊሰጥሽ ይችላል። ራስሽን የመጉዳት ሀሳብ ካለ አትሸፋፍኚው።

ደምና ኤምአርአይ? ኦሲዲን የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም፤ ኤምአርአይም አያሳየውም። ከወሊድ በኋላ የታይሮይድ መዛባትና የደም ማነስ ስለሚያጋጥም ሐኪሙ ሊያዝልሽ ይችላል፤ ያ ግን ሌላውን ለማጣራት ነው። የራስ ቅል ምስል የሚነሳው የሚጥል በሽታ፣ የአንድ ወገን ድክመት፣ ወይም ከ50 ዓመት በኋላ ድንገት የጀመረ ነገር ሲኖር ነው። ገንዘብሽን አታባክኚ።

ስለ ንስሐ አባትሽ፦ «ፆር» ማለታቸው ክፋት የለውም፤ ያልጠሩት ሀሳብ እንደሚዋጋ ገዳማውያን ከእኛ በፊት ያውቁታል። ሙስሊም ታካሚዎቼም «ወስዋስ» ይሉታል፤ ቃሉ ነገሩን ጥሩ አድርጎ ይይዘዋል። ችግር የሚመጣው ጸሎቱ ራሱ አስገዳጅ ድርጊት ሲሆን ነው። ኪርያላይሶን 41 ጊዜ ማለት ሥርዓት ነው፤ ማንም ሐኪም ምልክት ብሎ አይጽፈውም። 27ኛው ላይ «ልቤ አልነበረም» ብሎ ከአንድ መጀመር፣ ያም አላጠገበም ብሎ ሌሊቱን መድገም ግን ሌላ ነው። ውዱእ ላይ እያንዳንዱን አካል እስከ ሦስት ጊዜ ማጠብ የታወቀ ነው፤ ሰላቱ እስኪያልፍ ማጠብ ሃይማኖቱም አያዝዘውም። እኔ ስጠራጠር የምጠይቀው የሃይማኖት አባቱን ነው። «አባ፣ እንዲህ እንዲያደርግ አዝዘውታል?» «ኧረ እኔማ ተው ብዬዋለሁ!» ካሉ ምርመራዬ ግማሽ መንገድ ሄደ።

ልጅሽን ስለመውሰድ፦ በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ሀሳብ ስለተናገረች ብቻ ልጇን የተነጠቀች እናት አላየሁም። በኦሲዲ የሚመጣ እንዲህ ያለ ሀሳብ እናትን ለልጇ አደገኛ አያደርጋትም፤ ሥራውን የሚያውቅ ሐኪም ይህንን ያውቃል። ይህን የሚያነቡ በውጭ አገር የምትኖሩ እህቶች ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በአስተርጓሚ የምትናገሩ ከሆነ «ልጎዳት አሰብኩ» አትበሉ፤ የአማርኛው «አሰብኩ» ዐቀድኩ ማለትም ስለሆነ እንደዚያው ተተርጉሞ ሊሄድ ይችላል። «የማልፈልገው ሀሳብ ያለ ፈቃዴ ይመጣብኛል፤ ያስፈራኛል፤ እንዳላደርገው እሸሸዋለሁ» በሉ። ሦስቱም እንዲተረጎሙ ጠብቁ።

አንቺ አዲስ አበባ ስለሆንሽ አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ የጥቁር አንበሳ ወይም የቅዱስ ጳውሎስ የሳይካትሪ ክፍል አለልሽ። ተመላላሽ ክፍል ሰልፉ ብዙ ነው፤ ሐኪሙ የሚሰጥሽ ጊዜ አጭር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጽፈሽ ሂጂ። የሦስት ቀን በቂ ነው፤ ሀሳቡ በስንት ሰዓት መጣ፣ ምን አደረግሽ፣ ስንት ደቂቃ ፈጀ። መናገር ካቃተሽ ወረቀቱን ስጪ፤ እንደዚያ የጀመሩ ብዙ ናቸው። ጡት እያጠባሽ መሆኑን አስቀድመሽ ንገሪ፤ ከመድኃኒቶቹ ለምታጠባ እናት የሚመረጡ አሉ። መድኃኒት ከተጀመረም ውጤቱ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይጠበቃል፤ በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብለሽ እንዳታቆሚ።

ይህን ምላሽ ደግሞ አንድ ጊዜ፣ ግፋ ቢል ሁለት ጊዜ አንብቢው። ማታ ፍርሃቱ ሲመጣ «ዶክተሩ አደገኛ አይደለሽም ብሏል» የሚለውን ፍለጋ ስልክሽን ከከፈትሽ፣ ያንን ደቂቃም ወረቀቱ ላይ ጻፊው።

ቢላዎቹን ዛሬ ሮጠሽ አታምጪያቸው። መቼና እንዴት እንደሚመለሱ ከሚያክምሽ ሰው ጋር የምትወስኑት ነው፤ የሕክምናው አንዱ ክፍል ነውና። እኔ ብሆን በሽንኩርት መክተፊያው አልጀምርም፤ ዳቦ ላይ ማርማላታ በምትቀቢበት፣ ጫፏ ክብ በሆነችው እጀምራለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ፣ ልጅቷ እቅፍሽ ውስጥ ሆና።